ስለ ኢትዮጵያ ቶጳዝዮን፤ በመጽሐፈ ኢዮብ ምዕራፍ 28 ትርጓሜ ላይ የተደረገ ምርመራ

ጻድቁ ኢዮብ ጥበብ ከወዴት ትገኛለች ብሎ በጠየቀበት ምዕራፍ፥ ወርቁንና ሰንፔሩን ከቈጠረ በኋላ፥ የኢትዮጵያ ቶጳዝዮን እንኳ ጥበብን እንደማይተካከላት ይናገራል። አንዳንድ ሰባክያን ይህን ቃል አገራችን በዕንቍዋ የተመሰገነችበት ነው ብለው ይተረጕሙታል። ትርጓሜው ከምዕራፉ መንገድ የወጣ ይመስለኛል፤ ኢዮብ ቶጳዝዮኑን ያኖረው በሚዛኑ በቀለለው ወገን ነውና።

ስሙም ምርመራ ይሻል። የጥንት ሰዎች ቶጳዝዮን ያሉትና ዛሬ ነጋዴዎች በዚህ ስም የሚሸጡት አንድ አይደሉም፤ የጥንቱ በቀይ ባሕር በግብፅ አንጻር ካለች ደሴት ይወጣ የነበረው፥ ዛሬ ፔሪዶት የሚባለው አረንጓዴ ድንጋይ እንደ ሆነ ብዙ መርማሪዎች ይናገራሉ። ዕብራይስጡም በዚህ ስፍራ ኩሽ ይላል፤ ይኸውም ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለው ሰፊ አገር ነው።

ድንጋይን የሚያስከብረው ምንድር ነው ቢሉ፥ የኅብሩ ማማር፥ ጥራቱ፥ ጽናቱ፥ እምብዛም አለመገኘቱ፥ ይልቁንም የፈላጊው መብዛት ነው። በወሎ በደላንታ፥ በወገል ጤና አጠገብ፥ በ2000 ዓ.ም. የተገኘው ኦፓል ምስክር ነው። ባሕርዩ ሲሊካና ጥቂት ውሃ ነው፤ ዓይን የማያያቸው ክብ ቅንጣቶቹ በሥርዓት ስለ ተደረደሩ ብርሃኑን ከፍለው ቀስተ ደመና ያሳያሉ። ሥርዓቱ በጐደለበት ግን፥ ባሕርዩ ያው ሲሆን፥ ያ ኅብር አይታይበትም፤ ዋጋም አያወጣም።

የእጅ ሥራም አለበት። በዚህ በአባያ ዳር ላለ አንባቢ ነገሩ ሩቅ አይደለም፤ ከበላያችን ባለው ተራራ የዶርዜ ሸማኔ የሸመነው ጥጥ ከገበያው ጥጥ የሚበልጠው በባሕርዩ ሳይሆን በእጁ ነው። ድንጋዩም ሳይቈረጥና ሳይሞረድ ሲሸጥ ብዙው ትርፍ ለሚያስውበው ይሆናል፤ ለቈፋሪው የሚተርፈው ጥቂት ነው። በ2016 ዓ.ም. በደላንታ ኦፓል ሊያወጡ የገቡ ሰዎች ዋሻው ተንዶ ተዘጋባቸው። ኢዮብም ወደ ዕንቍው ዋጋ ከመድረሱ አስቀድሞ፥ ከሰው እግር ርቀው በጨለማ ጕድጓድ ተንጠልጥለው የሚወዛወዙትን ያነሣል። ቶጳዝዮንን እያመሰገነ እነዚህን የሚያልፍ መምህር ምዕራፉን ከመካከሉ ጀምሯል።

ሌላም ምስክር አለ። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 28 ቶጳዝዮን በአሮን የደረት ልብስ በመጀመሪያው ተራ ሁለተኛ ነው። በድንጋዮቹም ላይ የነገዶች ስም ተቀርጿል፤ ካህኑ ወደ መቅደስ ሲገባ በልቡ ላይ የሚሸከመው ሕዝቡን ነው። በሕዝቅኤል ምዕራፍ 28 ደግሞ ያንኑ ድንጋይ የጢሮስ ንጉሥ ለብሶታል፤ በዚያ ግን የማንም ስም እንደ ተቀረጸበት አልተነገረም፤ እርሱም በውበቱ ኰርቶ ወደቀ። እነዚህን ሁለት ምዕራፎች ከኢዮብ ጋር ሳያገናኙ ስለ ዕንቍ ዋጋ መተርጐም እንዴት ይቻላል?

የሰባክያኑን አገር መውደድ አልነቅፍም። ምዕራፉን በጉባኤ ሲያነቡት ግን ከቍጥር 1 ይጀምሩልን።