ጥላው ወዴት ወደቀ?

ሥራ የሚፈልግ ሰው ፖርትፎሊዮውን ሲልክልኝ ቀድሜ የማየው በሕንፃ ሥዕሎቹ ላይ ያለውን ጥላ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ ማብቂያ ገደማ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን አልፋ ወደ ሰሜን ታጋድላለች። ሰኔ 14 እኩለ ቀን ላይ ከፍታዋ በሰሜን በኩል 76 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ጥላም ወደ ደቡብ ይወድቃል። በታኅሣሥ ወደ ደቡብ ትወርዳለች፤ ያኔም ቢሆን ቀትር ላይ 58 ዲግሪ ያህል ከፍ ትላለች። ሕንፃ የምንሥልበት ስኬችአፕ የተባለው ፕሮግራም ግን ቦታው ካልተነገረው አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ ያለችውን የቦልደር ከተማን ፀሐይ ይዞ ይሠራል። ቦልደር 40 ዲግሪ ላይ ናት፤ የታኅሣሥ ቀትር ፀሐይዋ 27 ዲግሪ እንኳ አትሞላም። እናም «ቦሌ፣ የመኖሪያ አፓርታማ» የሚል ጽሑፍ ባለበት ሥዕል ላይ በጠራራ ቀን መንገዱን አቋርጦ የተዘረጋ ረጅም ጥላ ሳይ፣ ሠሪው ፀሐይዋ ከየት እንደምትመጣ እንዳልጠየቀ አውቃለሁ።

ይህ ለአንዳንዱ ጥቃቅን ነገር ሊመስለው ይችላል። ለእኔ ግን ሥራው ራሱ ነው። ገና ያልተሠራን ሕንፃ በኮምፒውተር ሠርቶ የማሳየት ሙያ፣ እኛ በአጭሩ ስሪዲ የምንለው፣ ውሳኔ የሚሰጥበት ሥዕል ያወጣል። ባለሀብቱ መስታወቱን የሚመርጠው በሥዕሉ ነው። በረንዳው ይግባ ወይስ ይውጣ፣ በመስኮቱ ላይ ጥላ የሚሰጥ ይደረግ ወይስ ይቅር የሚባለው ሥዕሉ ፊት ተቀምጦ ነው። በግንቦት ፀሐይ ሰሜን የሚያየው ግድግዳም እንደሚመታ ያላወቀ ሰው የሠራውን ሥዕል ይዞ የሚወሰን ውሳኔ፣ ቤቱ ውስጥ ለሚኖረው ቤተሰብ ዕድሜ ልኩን ሙቀት ሆኖ ይተርፋል።

ቀጥሎ የማየው የቤት ውስጥ ሥዕሎቹን ነው። ኤቨርሞሽን የሚባል የፖላንድ ድርጅት ብርሃኑ፣ ዕቃው፣ ካሜራው ሁሉ የተሰናዳ ሳሎንና መኝታ ቤት ይሸጣል። ለመማር እጅግ ይጠቅማል፤ እኔም ፋይሎቹን እየከፈትኩ አንድ ጥሩ ባለሙያ መብራቱን የት እንዳስቀመጠ ተምሬባቸዋለሁ። ችግሩ ሶፋው ተቀይሮ፣ ግድግዳው ሌላ ቀለም ተቀብቶ «የእኔ ሥራ» ተብሎ ሲላክ ነው። ያንኑ ሳሎን፣ ያንኑ ገጹ የተገለጠ መጽሐፍ፣ በግራ መስኮት የሚገባውን ያንኑ የጠዋት ብርሃን ከተለያዩ ሰዎች ፖርትፎሊዮ ውስጥ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። የሚቀጥር ሰው ሁሉ አይቶታል፤ አመልካቹ ግን ማንም እንደማያውቅበት ያስባል። ከእንዲህ ዓይነት ሃያ ሥዕል ይልቅ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ ያለ አንድ መስኮት፣ ሲሚንቶው፣ የተላጠው ቀለም፣ የተሰጣው በርበሬ፣ በትክክል ተሠርቶ ቢላክልኝ ያን ሰው በማግስቱ እጠራዋለሁ።

የሚሠራ ፕሮጀክት የለኝም ለሚል ጀማሪ ሁልጊዜ የምሰጠው መልስ አንድ ነው፤ የቆመ ሕንፃ ሥራ። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክስ ሮማን በሚል የሙያ ስም የሚታወቅ ስፔናዊ «ዘ ሰርድ ኤንድ ዘ ሰቨንዝ» የሚባል አጭር ፊልም አወጣ። ብዙው ክፍል እንደ ሉዊስ ካን ባሉ አርክቴክቶች የተሠሩና ዛሬም የቆሙ ሕንፃዎች ናቸው፤ እሱ ግን ሁሉንም በኮምፒውተር ሠርቷቸዋል። በሙያው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ያኔ ቆም ብሎ ያየው አዲስ ሕንፃ ስለፈለሰፈ አልነበረም። ብርሃን በጡብና በእንጨት ላይ እንዴት እንደሚያርፍ በትዕግሥት ስለተመለከተ ነው። እኛስ ምን አነሰን? አፍሪካ አዳራሽ ካዛንቺስ ዳገቱ ላይ አለ። አርቱሮ ሜዜዲሚ የነደፈው፣ እ.ኤ.አ. በ1961 የተመረቀው ሕንፃ ነው። መግቢያው ላይ 150 ካሬ ሜትር የሚሸፍነው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል አለ። ያ ቀይና ቢጫ ብርሃን ወለሉ ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል በሪንደር ማውጣት የሚችል ሰው፣ ብርሃንን ስለማወቁ ሌላ ምስክር አያሻውም። የሚመሳከርበት እውነተኛ ሕንፃ ስላለ ማንም ሄዶ ማየት ይችላል፤ ማምለጫ የለውም። ለሥራ ፈላጊ ከዚህ የተሻለ ፖርትፎሊዮ አላውቅም።

ሶፍትዌር የማወቅ ጉዳይ አለ፤ በእሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ማስታወቂያዎቻችን «ማክስ፣ ቪሬይ፣ ሉሚየን የሚችል» ይላሉ። ጥሩ ዓይን ያለው ልጅ ከሉሚየን ወደ ኮሮና፣ ከኮሮና ወደ ብሌንደር በጥቂት ወራት ይሻገራል። ዓይኑ ያልሠለጠነ ሰው ግን አዲሱ ስሪት በወጣ ቁጥር ያንኑ ስህተት ጥራቱን ጨምሮ ያወጣዋል። ማስታወቂያ የምታወጡ ወገኖቼ የፕሮግራሙን ዝርዝር ቀንሱና «ፕላንና ሴክሽን አንብቦ የሚረዳ» የሚለውን አስቀድሙ።

ሙያው ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ስለሆነ እንዲህ ለማለት እደፍራለሁ። ሜሪየን ማሆኒ እ.ኤ.አ. በ1894 ከኤምአይቲ በአርክቴክቸር ተመረቀች፤ ከዚያም ለአርክቴክቱ ፍራንክ ሎይድ ራይት ሠራች። በ1910 በርሊን ላይ ታትሞ የራይትን ስም በአውሮፓ ያስተዋወቀው የሥዕል ስብስብ ውስጥ ብዙዎቹ የእሷ እጅ ሥራዎች ናቸው። ሂዩ ፌሪስም አርክቴክቸር ተምሮ የሌሎችን ሕንፃ በመሣል የኖረ ሰው ነው። የኒው ዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 የሕንፃዎችን ቁመትና ቅርፅ የሚገድብ ሕግ ስታወጣ፣ ሕጉ የፈቀደው ትልቁ ቅርፅ ምን እንደሚመስል በ1922 ደረጃ በደረጃ ሥሎ ያሳየው እሱ ነው። ሕጉን አንብቦ፣ ቦታውን አስቦ ነው እርሳሱን ያነሳው። እነዚህ ሰዎች የተፈለጉት መሣሪያው ስለገባቸው ብቻ አልነበረም፤ ሕንፃ ስለገባቸው ነው።

ስለዚህ ለመቅጠር ስፈትን አንድ ትንሽ ባለሁለት መኝታ ቤት ፕላን እሰጣለሁ። ቀለምና ማቴሪያል የሌለው አንድ ግራጫ ሥዕል ብቻ እጠይቃለሁ፤ ለሥራውም እከፍላለሁ። የመክፈሉ ነገር ላይ አጥብቄ የምናገረው ምክንያት አለኝ። «ለፈተና» ተብሎ የሠራውን ሥዕል ከወራት በኋላ ግንባታ አጥር ላይ ተሰቅሎ ያየ፣ ሥራውንም ክፍያውንም ያላገኘ ወጣት አውቃለሁ። ፈተና የተባለው ሥራ ትክክለኛ ፕሮጀክት ከሆነ፣ ሙሉ ሕንፃ ከሆነ፣ ያለ ክፍያ ከሆነ፣ አትሥሩት። ችሎታችሁን ለማየት አንድ ክፍል ይበቃል።

በምሰጠው ፕላን ላይ ሆን ብዬ ያልፈታኋቸው ነገሮች አሉ። የምጠብቀው ሥዕሉን ሳይሆን ስልኩን ነው። ብዙዎች ሳይደውሉ ያማረ ሥዕል ይልካሉ። አንዲት ወጣት ግን ፕላኑ በደረሳት ዕለት ከሰዓት ደወለች።

«ኢንጂነር፣ ይቅርታ፣ ምጣዱ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ምን አየሽ?»

«የኪችን ካቢኔቱ ጥልቀት 60 ሳንቲም ነው። ምጣዱ ከነክዳኑ ቢቀመጥበት ይተርፋል። ኩሽናው ደግሞ ለሳሎኑ ክፍት ስለሆነ እንፋሎቱ ሶፋው ላይ ነው የሚሄደው። እንዳለ ልሣለው ወይስ ይስተካከላል?»

የላከችው ሥዕል ከሌሎቹ ያነሰ ነበር፤ ካሜራው ትንሽ ዘምሟል፣ ብርሃኑም ደብዝዟል። ቀጠርኳት። ብርሃን ይማራሉ። ያልታሰበበትን ነገር አይቶ፣ ዝም ብሎ በሥዕል ከመሸፈን ይልቅ የመጠየቅ ልማድ ግን ከቤት ይዘውት የሚመጡት ነው፤ እኔ ቢሮ ውስጥ ላስተምረው ሞክሬ ብዙም አልተሳካልኝም።

መጠየቁን ለምን ይህን ያህል ከፍ አድርጌ እንደማየው ልናገር። በእኛ ከተማ ቤት በሥዕል ይሸጣል። ዋሽንግተን ታክሲ የሚነዳ፣ ቤይሩት በሰው ቤት የምትሠራ፣ ዱባይ ሆቴል ውስጥ ያለ ወገን ቦታውን ሳይረግጥ፣ ስልኩ ላይ ባየው ሳሎን ተማምኖ ቅድሚያ ክፍያ ይልካል። ያን ሳሎን የምንሠራው እኛ ነን። 3 ሜትር ከ20 የሆነን ክፍል በሰፊ ሌንስ ብናየው አዳራሽ ይመስላል። አልጋውን ከ1 ሜትር ከ90 ወደ 1 ሜትር ከ60 ብናሳጥረው መኝታ ቤቱ ይሰፋል፤ ማንም አይለካውም። ጎረቤት ያለውን ባለስምንት ፎቅ ብናጠፋው በመስኮቱ እንጦጦ ይታያል። አንዳንድ ደንበኛ ይህን በግልጽ ይጠይቃል። ፖርትፎሊዮ ሳይ አልጋውን የምለካው ለዚህ ነው። የሠራበትን ፋይል ክፈትልኝ እለዋለሁ፤ ሶፋው፣ አልጋው፣ በሩ ትክክለኛ መጠናቸውን ይዘው ካገኘኋቸው፣ ሌንሱም ሰው ቆሞ ከሚያየው ብዙ ካልራቀ፣ የቀረው ውይይት ስለ ደመወዝ ነው። ዕቃ አሳጥሮ ክፍል የሚያሰፋ ሰው ግን የቱንም ያህል ቢያምርለት አብሮኝ አይሠራም።

ሥራ ፍለጋው ራሱ እንዴት ነው? አገር ውስጥ ሥራ የሚመጣው በሰው ነው። ልደታ ሕንፃ ኮሌጅ አብሮህ የተማረው፣ አማካሪ ድርጅት ውስጥ ሌሊት አብሮህ ያደረው፣ የጨረታ ሥዕል ሲጣደፍ ያስታወሰህ ሰው ነው የሚጠራህ። ስለዚህ ትናንሽ ቢሮዎችን አትናቁ፤ ሦስት ሰው ያለበት ቢሮ ውስጥ ፕላኑም፣ ደንበኛውም፣ ሳይቱም በአንድ ሳምንት ፊታችሁ ይመጣሉ። ስትዋዋሉ የማሻሻያውን ቁጥር ጻፉ። እኔ ሁለት ዙር እርማት በግራጫው ሥዕል ላይ እቀበላለሁ፤ ማቴሪያል ከገባ በኋላ ፕላን ከተቀየረ እንደ አዲስ ሥራ ይታሰባል። «ትንሽ ብቻ አስተካክልልኝ» የሚለው ልመና ያልተጻፈ ውል ያለውን ሁሉ ሌሊቱን ይበላዋል።

የውጭ አገር ሥራም አለ፤ ርቀቱ ሰበብ አይሆንም። ማሆኒና ባለቤቷ ዋልተር በርሊ ግሪፊን እ.ኤ.አ. በ1912 የካንቤራን የከተማ ንድፍ ውድድር ሲያሸንፉ ቺካጎ ሆነው በካርታና በመግለጫ ነበር የሠሩት፤ አውስትራሊያን አላዩዋትም። ለንደን ላለ ደንበኛ የምትሠሩ ከሆነ 51 ዲግሪ ላይ ያለችውን የለንደንን ፀሐይ፣ የመንገዱን ዛፍ፣ የጡቡን ቀለም እንዲሁ አጥኑ። ሌላ ቀድሞ የሚመጣ ጥያቄ አለ፤ ፕሮግራማችሁ ፈቃድ ያለው ነው ወይ ይሏችኋል። ማክስን የሚሠራው አውቶዴስክ ለተማሪ በነፃ የሚሰጠው ፈቃድ ለትምህርት እንጂ ለሚከፈልበት ሥራ አይደለም። አቅም የሌለው ወጣት ብሌንደርን ቢይዝ ያለ ዕዳና ያለ ፍርሃት ይሠራል፤ ኮዱ እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ነው። መብራት ሲጠፋ ሪንደሩ ካቆመበት የሚቀጥልበትን መንገድም አስቀድማችሁ አዘጋጁ፤ የውጭ ደንበኛ የመብራት ታሪክ መስማት አይፈልግም፣ የሚፈልገው ማክሰኞ የተባለው ማክሰኞ እንዲደርስ ነው።

ደግሞ የራሳችሁን አየር አትፈሩት። ኖርዌይ በርገን ያለው ሚር የተባለው ስቱዲዮ በዓለም የሚታወቀው ጉም፣ ዝናብና ዳመና በሞላባቸው ሥዕሎቹ ነው፤ በርገን ዝናብ የማያጣት ከተማ ናት። የእኛ ልጆች ግን ክረምቱን ትተው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ንጹሕ ሰማያዊ ሰማይ ይለጥፋሉ። የሐምሌ ከሰዓት በኋላ ደመና፣ ዝናብ የመታው ቀይ አፈር፣ ጃካራንዳው ሲያብብ ያለው መንገድ የትም የማይገኝ ሀብት ነው።

እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ቃል ተጽፎላቸው ሥዕል የሚያወጡ ፕሮግራሞች መጥተዋል። ደንበኞች በእነሱ ያወጡትን ምስል ይዘው ይመጣሉ፤ ደረጃው ወደ የትም የማይወስድ፣ ዓምዱ ሸክም የሌለው ሕንፃ። ለመጀመሪያ ሐሳብ ይጠቅማሉ፤ ፈጣኑን ርካሽ ሥዕልም ከእጃችን ወስደውታል። የሚያሳስበኝ ጀማሪው ነው። ያ ርካሽ ሥራ ነበር የመግቢያ በሩ። ቢሮ ያላችሁ ሰዎች በዚህ ምክንያት ጀማሪ መቅጠር ብታቆሙ ከአምስት ዓመት በኋላ ፕላን አንብቦ የሚሥል ሰው አታገኙም። እኔ ጀማሪን የምቀጥረው ከወረቀት ላይ ልኩን ጠብቆ ሞዴል እንዲሠራ ነው፤ አሰልቺ ቢሆንም ዓይን የሚሠለጥነው እዚያ ነው።

ሕንፃው ሲያልቅ ደግሞ የሠራውን ሥዕል ይዞ ሳይት እንዲሄድ አደርገዋለሁ። ሥዕሉ ላይ ካሜራው የቆመበት ቦታ ይቆምና በዚያው ሰዓት ፎቶ ያነሳል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገን እንነጋገራለን፤ ድንጋዩ ለምን ሥዕሉ ላይ ጠቆረ፣ መስታወቱ ለምን ይህን ያህል ሰማይ ያንጸባርቃል፣ ጎረቤቱ ሕንፃ የት ድረስ ጥላ ጣለ። ሥራ የምትፈልጉ ወጣቶች፣ እንዲህ ያለ ሪንደርና ፎቶ ጥንድ ካላችሁ፣ ልዩነቱ ቢበዛም እንኳ፣ የፖርትፎሊዮአችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አድርጉት፤ ከሥሩም ልዩነቱ ከምን እንደመጣ በሁለት መስመር ጻፉ።