ርእሰ ጉዳይና ጭብጥ በሻጴ የዓለት ቅርጾች

በሥነ ሥዕላችን ተደጋግመው የሚቀርቡ ርእሰ ጉዳዮች ሲዘረዘሩ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ንግሥተ ሳባና የዐድዋ ጦርነት ይቀድማሉ። በጌዴኦ፣ በዲላ አቅራቢያ በሻጴ ዓለት ላይ የተቀረጹት ላሞች ግን እምብዛም አይነሡም፤ ቢነሡም «የከብት ሥዕል» ተብለው ይታለፋሉ። በዚህ ጸሐፊ እምነት ይህ አካሄድ ርእሰ ጉዳይን ከጭብጥ ጋር ያምታታል።

የሻጴ ከያኒ ላሞቹን በጎን ገጽታ፣ በሰልፍ ቀርጿቸዋል። ሻኛ የላቸውም፤ ቀንዳቸውና ግታቸው ግን ከሌላው አካላቸው ይልቅ ጎልቷል። ይህም ትኩረቱ በሥጋው ወይም በጉልበቱ ሳይሆን በወተቱ ላይ መሆኑን ያመለክታል። እንግዲህ ርእሰ ጉዳዩ ከብት ቢሆንም፣ ጭብጡ በረከትና ርባታ ነው ለማለት ይቻላል።

ጌዴኦ ዛሬ የሚታወቀው በእንሰትና በቡና ነው፤ በዓለቱ ላይ የምናየው ግን ከብት ነው። ለዚህ የዘመን ርቀት አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል፤ ሆኖም ከያኒው የኑሮ መዝጋቢ ብቻ ሳይሆን መራጭም ነው። ፊሊፒናዊው ሠዓሊ ፌርናንዶ አሞርሶሎም ሩዝ ተካዮችን ደጋግሞ ሲሥል ያጎላው የፀሐዩን ብርሃን እንጂ የገበሬውን ድካም አይደለም። ስለዚህ ሐያሲ የተሣለውን ብቻ ሳይሆን የተተወውንም መመርመር ይኖርበታል።

የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። መዝገብ ድንጋዩን ከመፍረስ ሊታደገው ይችላል፤ ትርጉሙ እንዳይጠፋ መትጋት ግን የሐያሲው ድርሻ ነው።