አፑ ከሰል የምታያይዘውን አይጠይቅም

እህቶቼ፣ ባለፈው ወር አርብ ቀን ኮርኒሽ ቁጭ ብለን ሳለ አንዷ ልጅ ሺሻና ቬፕ ማቆሚያ አፕ ስልኳ ላይ አሳየችን። እኔም ጫንኩትና ሳምንት ሙሉ አየሁት። ትምህርቴ አስረኛ ክፍል ነው፣ አፕ መተቸት ሙያዬ አይደለም። ግን ኹበር ሸማሊያ በምሠራበት ቤት ሺሻውን በየማታው የማዘጋጀው እኔ ስለሆንኩ የምለው አለኝ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። "ውሃው ጭሱን ያጣራዋል" የሚባለው ውሸት መሆኑን በሥዕል ያሳያል። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም። የዓለም ጤና ድርጅትም አንድ ሰው አንዴ ተቀምጦ በሚያጨሰው ሺሻ የሚስበው ጭስ 100 ሲጋራና ከዚያ በላይ የሚያጨስ ሰው ከሚስበው ሊስተካከል ይችላል ይላል። ቬፕም የፍራፍሬ ሽታው አያታላችሁ፣ አብዛኛው ኒኮቲን አለው፤ ሱስ ያስይዛል፣ ጽንስም ይጎዳል።

ጥፋቱ ጥያቄው ላይ ነው። "በቀን ስንት ጊዜ ታጨሳለህ?" ይላል፣ ዐረብኛው የሚያናግረው ወንድ ነው። ዜሮ አልኩት። "ጎበዝ!" ብሎኝ ተዘጋ። ለኔ ያለው ይኸው ነው።

እኔ ግን ኤሲ ስላለ መስኮት በማይከፈት ኩሽና ከሰል አቀላለሁ፣ መጅሊስ ገብቼም እቀይራለሁ። አንድ ማታ ራሴን አዞረኝ፣ አስመለሰኝ። ጊዜው ፍልሰታ ነበርና ጾሙ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ለካ የከሰሉ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም። አገር ቤት እናቶቻችን "ከሰል ቤት ውስጥ አድርጋችሁ እንዳትተኙ" የሚሉን እኮ ይህንኑ ነው። እናቴ የምታውቀውን አፑ አያውቀውም።

አንድ ገጽ ቢጨምሩ በቂ ነበር፦ መስኮት ክፈቺ፣ ራስሽን ካመመሽ ቶሎ ወደ አየር ውጪ፣ የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል። እሱም በጽሑፍ ሳይሆን በድምፅ፣ በአማርኛ። ብዙዎቻችን ዐረብኛ እንሰማለን እንጂ አናነብም። ኢሞ ላይ የድምፅ መልእክት ግን የማይሰማ የለም።

እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም። የዕረፍት ቀን በተከራየነው ክፍል በር ዘግተን ሺሻ የምናጨስ አለን። አገራችን በ2011 ዓ.ም. ባወጣችው አዋጅ ቁጥር 1112 ሺሻና የኤሌክትሮኒክ ሲጋራ እንዳይሸጥ ከልክላለች። ለድካም ማረፊያ ብለን የምንይዘው ነገር ሌላ ድካም እንዳይሆንብን።

አፑን አጥፍቼዋለሁ። "ማዳም፣ ከሰል ሳያይዝ መስኮት ልክፈት?" ብዬ ስጠይቅ ግን እሺ አለችኝ። እናንተም ጠይቁ። ይህንንም የሁለት ደቂቃ ድምፅ አድርጌ ለጓደኞቼ ልኬዋለሁ፤ ማንበብ ለማትችል እህት አንብቡላት።