የሱይ መንግሥት ታሪክ፦ ምስክር ነውን ወይስ ፍርድ?

የቻይና ነገሥታት ታሪክ ሲነሣ ሊቃውንት ሁሉ አስቀድመው የሚያደንቁት የጽሑፉን ብዛትና የዘመኑን አለመቋረጥ ነው። «ሃያ አራቱ ታሪኮች» የሚባሉት መጻሕፍት በጠቅላላው ከ3200 በላይ ክፍሎች ያሏቸው ሲሆኑ፥ ከጥንት ጀምሮ የሚንግ መንግሥት እስከ ወደቀበት እስከ 1644 ድረስ ያለውን ዘመን ይተርካሉ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አድናቆቱ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ምርመራን ሊተካ አይገባውም። እያንዳንዱ መጽሐፍ መቼና በማን ትእዛዝ እንደ ተጻፈ ሳይጠይቅ የሚያነብ ተማሪ የአሸናፊውን ፍርድ እንደ ምስክር ቃል ይቀበላልና። ይህንም ለማስረዳት በ636 የቀረበውን የሱይ መንግሥት ታሪክ እንመርምር።

ሥራው ሲጀመር መልኩ ሌላ ነበር። በሃን ንጉሠ ነገሥት በዉ ዘመን ያገለገለው ሲማ ቺየን 130 ክፍል ያለውን መጽሐፉን የጻፈው የአባቱን ውጥን ለመፈጸም ነው። ለሲዮንግኑ ሰዎች እጁን ስለ ሰጠው የጦር አለቃ ስለ ሊ ሊንግ በመከራከሩ የመሰለብ ቅጣት ደረሰበት፤ ይሁን እንጂ ሥራውን አልተወም። ከእርሱ በኋላ ባን ጉ የአንድ መንግሥት ታሪክ ብቻ ለይቶ የመጻፍን ሥርዐት አቆመ። በ629 የታንግ ንጉሠ ነገሥት ታይዙንግ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ የታሪክ ጽሕፈት ቤት ባቋቋመ ጊዜ ግን፥ የወደቀውን መንግሥት ታሪክ ማስጻፍ በእግሩ የተተካው መንግሥት ተግባር ሆነ።

ሱይ የገዛው ከ581 እስከ 618 ብቻ ነው። በ589 ለብዙ ዘመን ተከፋፍላ የኖረችውን ቻይናን አንድ አደረገ። ሁለተኛው ንጉሥ ያንግ ከ605 ጀምሮ ታላቁን የመርከብ መተላለፊያ ቦይ አስቆፈረ፤ በ612፥ በ613ና በ614 በኮጉርዮ ላይ ዘምቶ አልቀናውም፤ ሕዝቡም በሥራና በዘመቻ ተማርሮ ዐመፀ፤ በመጨረሻም በ618 የገዛ ዘበኞቹ ገደሉት። በዌይ ጀንግ መሪነት የተሰናዳው መጽሐፍ ይህን ሁሉ ጥፋት በአንድ ሰው ጠባይ፥ ማለትም በቅንጦቱ፥ በትዕቢቱና ምክር ባለመስማቱ ያመካኛል።

ፍርዱ ከቶ መሠረት የለውም ማለታችን አይደለም፤ የሕዝቡ መከራ እውነት ነበር። ዳሩ ግን ፈራጁ ማን ነው? የታይዙንግ አባት የሱይ ሹም ሳለ ዐምፆ ዙፋኑን የያዘ ሰው ነው። ታይዙንግም ራሱ የነገሠው በ626 ሁለት ወንድሞቹ ተገድለው አባቱ ዙፋኑን ከለቀቀለት በኋላ ነው። የያንግ ክፋት ጎልቶ ባይታይ የታንግን ዐመፅ ከክሕደት የሚለየው ምን ነበር? ቦዩን የጭካኔ ሥራ ያሉት ሰዎች የደቡቡን እህል በዚያው ቦይ ያስመጡ ነበር። ያንግን በኮጉርዮ ዘመቻ የኮነነው መንግሥት በ645 እርሱም ዘምቶ ሳይሳካለት ተመለሰ። እንግዲህ አንድ ዐይነት ሥራ ለወደቀው ኀጢአት፥ ለቆመው ግን የመንግሥት ጉዳይ ሆኖ ተቈጠረ። «ያንግ» የሚለው ስም እንኳ የታንግ መንግሥት ለሟቹ የሰጠው የነቀፋ ስም ነው። በ2013 በያንግጆው ከተማ መቃብሩ ሲገኝ በድንጋዩ ላይ የተነበበው ይኸው ስም ነበር፤ ሰውየው በገዛ መቃብሩ ውስጥ በባላጋራዎቹ ቃል ይጠራል።

ይህ ሁሉ መጽሐፉን ከንቱ አያደርገውም። ከ85ቱ ክፍሎቹ 30ዎቹ ዘግየት ብለው በ656 የተፈጸሙ ሲሆኑ፥ ስለ ሥርዐት፥ ስለ ሕግ፥ ስለ እህልና ሸቀጥ፥ ስለ መጻሕፍትም ዝርዝር የሚናገሩ ናቸው። ስለ ባዕዳን ሕዝቦች በተጻፈው ክፍልም የጃፓን መልክተኞች በ607 ይዘውት የመጡት ደብዳቤ ተመዝግቧል። በእነዚህ ክፍሎች ጸሓፊው የሚቈጥርና የሚመዘግብ እንጂ የሚፈርድ አይደለም። የሕዝቦችን ልማድ ለሚያጠና ሰው የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት ይህ ነው።

ጉዳቱ የሚመጣው ፍርዱ ወደ ሕግ ሲለወጥ ነው። የጆው መንግሥት ሻንግን ሲጥል ያስተማረው «የሰማይ ትእዛዝ» የሚባል ሐሳብ፥ ሥልጣን ለደግ ተሰጥቶ ከክፉ ይወሰዳል ይላል። ታሪኩ ሁሉ በዚህ ቀመር ስለ ተጻፈ መሥራቹ ዘወትር ደግ፥ የመጨረሻው ዘወትር ክፉ ሆኖ ይገኛል። በውጭ አገር በምንማርባቸው አንዳንድ መጻሕፍት ይህ እንደ መንኰራኵር የሚዞር የመንግሥታት ሕግ ተደርጎ ሲቀርብ እናያለን። ነገር ግን የዙረቱ ማስረጃ ራሱ ዙረቱን በሚያምኑ ሰዎች የተጻፈ ነው፤ ስለዚህ ማስረጃ ሊሆን አይችልም። ይህም ነቀፌታ ከባሕር ማዶ የመጣ አይደለም፤ በታሪክ ጽሕፈት ቤት ያገለገለው ልዩ ጂጂ በ710 በፈጸመው መጽሐፉ የታሪክን አጻጻፍ አጥብቆ መርምሯል።

የእኛ አንባቢ እነዚህን መጻሕፍት «ዜና መዋዕል» ብሎ ለመጥራት ይፈተን ይሆናል፤ ሆኖም ልዩነቱን መዘንጋት አያስፈልግም። የእኛ ዜና መዋዕል በብዙው በንጉሡ ዕድሜ በራሱ ቤተ መንግሥት የሚጻፍ ስለ ሆነ የሚፈራለት ውዳሴው ነው፤ የቻይናው ግን መንግሥቱ ከወደቀ በኋላ ስለሚጻፍ የሚፈራለት ኵነኔው ነው። ለሁለቱም አንድ ዐይነት ጥንቃቄ አይበቃም።

በሱይ ታሪክ የተመዘገበውን ሥራ፥ ቀንና ቦታ በምስክርነት እንቀበል፤ የሥራው ምክንያት በንጉሡ ጠባይ ሲመካኝ ግን በእግሩ የተተካው መንግሥት ከዚያ ምን እንዳተረፈ እንጠይቅ። ያንግ ጻድቅ ነበር ብሎ ፍርዱን መገልበጥም ያው ስሕተት ነው። ቦዩን የቈፈሩትና በኮጉርዮ መንገድ የወደቁት ሰዎች በሱይም ሆነ በታንግ ዘመን ታሪካቸውን የሚጽፍ ጽሕፈት ቤት አልነበራቸውም፤ የቀረልን የእጃቸው ሥራ ነው፤ እርሱም ከየትኛውም መንግሥት ይልቅ ዘልቋል።