የክፉ ሰው ሥዕል በልብ ወለድ፤ ስለ ፊታውራሪ መሸሻ

በተረት ውስጥ ክፉው አስቀድሞ የታወቀ ነው። ጅብ ሆዳም ነው፤ የእንጀራ እናት ጨካኝ ናት። ስለ ምን እንዲህ እንደ ሆኑ የሚጠይቅ ልጅ ቢኖር ተራቹ መልስ አይሰጠውም። ይህ ግን የተረት ጉድለት አይደለም። ተረት የሚነገረው ልጆች ክፉውን ከደጉ ለይተው እንዲያውቁ ስለ ሆነ፥ ክፋቱ ከሩቅ መታየት አለበት። በ1900 ዓ.ም. በሮም የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ልብ ወለድ ታሪክ፥ ማለት «ጦቢያ»፥ በዚህ በኩል ገና ለተረት የቀረበ ነው።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ግን ነገሩ ተለውጧል። ፊታውራሪ መሸሻ የልጃቸውን ደስታ የሚያጠፉ፥ ባላገሩንም የሚያስጨንቁ ሰው ናቸው። ሥራቸው ብቻ ቢቈጠር ከተረቱ ጅብ ብዙ አይለዩም። የሚለያቸው፥ ክፋታቸውን ክፋት ነው ብለው አለማወቃቸው ነው። ሰብለ ወንጌልን አይጠሏትም። ባል ጠያቂውን ሁሉ የሚመልሱት ለዘሯ የሚመጥን አጥተው ነው፤ እርሷም በዚሁ ምክንያት ዕድሜዋ እያለፈ ትቀመጣለች።

ይህን ክብር ፊታውራሪ ብቻቸውን አልፈጠሩትም። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት መቍጠር ዘመድ ከዘመዱ እንዳይጋባ የሚጠብቅ የቆየ ሥርዐት ነው። ነገር ግን አጥንት መቍጠር ሌላም ሥራ አለው፤ ባለ ደረጃውን ደረጃ ከሌለው ይለያል። ፊታውራሪ አጥብቀው የያዙት ይህን ሁለተኛውን ነው። ስለዚህ አንባቢው በእርሳቸው ሲፈርድ በገዛ ቤቱ የሚሠራበትን ሚዛን ጭምር ለመመርመር ይገደዳል።

ክፉው በጠባዩ ብቻ ክፉ ቢሆን ኖሮ፥ እርሱ ሲወድቅ ክፋቱም አብሮ በወደቀ ነበር። ሐዲስ ግን ይህን ማጽናኛ አይሰጡም። ባላገሮቹ በአበጀ በለው መሪነት ተነሥተው ፊታውራሪን ይማርካሉ። የጌታው ኀይል ተዋረደ፤ የዘር ሚዛኑ ግን እንደ ቆመ ቀረ። የድኻው ልጅ በዛብህ ከዚያም በኋላ ለሰብለ ወንጌል እኩያ ሆኖ አልተቈጠረም።

በዚህ ሥዕል ላይ ነቀፌታ የለም ማለት አይደለም። ደራሲው ፊታውራሪን መሣቂያ በሚያደርጉበት ስፍራ፥ አንባቢው እየሣቀ ከእርሳቸው ይርቃል፤ ሲርቅም በእርሳቸውና በራሱ መካከል ያለውን ዝምድና ይረሳል። ጉዱ ካሣም ልማዱን ሲነቅፍ ለአንባቢ ሊተውለት የሚገባውን ፍርድ አንዳንድ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል። ሆኖም የአገሩ ሰው ጉዱ ካሣን እንደ እብድ መቍጠሩ ነቀፌታውን ያለዝበዋል፤ እውነተኛው ቃል እብደት የሚመስልበት አገር የፊታውራሪን ኀይል ከማናቸውም ሐተታ ይልቅ ያስረዳልና።

ፊታውራሪን ያቆመው የመሬት ሥሪት በ1967 ዓ.ም. በታወጀው የገጠር መሬት ዐዋጅ ፈርሷል። ሽማግሌ ለጋብቻ በተላከ ጊዜ «የማን ልጅ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ዛሬም በብዙ ቤት ይሰማል፤ ጠያቂዎቹም እንደ ፊታውራሪ ሁሉ ልጃቸውን የሚወዱ ናቸው። መሸሻ ከመጽሐፉ ወጥተው በሕይወት የሚኖሩት ስለዚህ ነው።