በተሸነፈ ጨዋታ ላይ ስለ መዘግየት

ጨዋታ የሰውን ጠባይ ከሥራ ይልቅ ቶሎ ይገልጠዋል። ሰው በሥራው ላይ ሳለ አለቃውንና ደመወዙን ያስባል፤ በጨዋታ ላይ ግን የሚፈራው ነገር ጥቂት ስለ ሆነ በልቡ ያለው ሁሉ ይወጣል። ስለዚህ ዛሬ የምነቅፈው ነገር ትንሽ ቢመስልም ልተወው አልወደድሁም።

በአሁኑ ዘመን ቼዝን በስልክ ሩቅ አገር ካለ ሰው ጋራ ይጫወቱታል። ከዚህም አንደኛው ዓይነት ቀድሞ በፖስታ ደብዳቤ ይደረግ የነበረው ነው፤ ለአንድ እርምጃ 1 ቀን፣ 3 ቀን፣ እስከ 14 ቀንም ድረስ ይፈቀዳል። ይህ ጨዋታ ለያዮና ለመቱ ልጅ እጅግ የተመቸ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቋረጥ፣ ወይም በኅዳር ለቡና ለቀማ ጫካ ገብቶ ሁለት ቀን ቢሰነብት ጨዋታው ይጠብቀዋል።

እንግዲህ ነውሩ የሚገባው በዚሁ በር ነው። ጨዋታው ሲሳካለት በቀን ሦስት ጊዜ ይመልስ የነበረ ባለጋራ፣ ንግሥቱን ባጣ ማግሥት ዝም ይላል። ታሞ እንዳይሉት በሌሎቹ ጨዋታዎቹ ላይ ሲጫወት ይታያል። የተሰጠው ቀን ሊያልቅ አንድ ሰዓት ሲቀረው አንድ ወታደር ይገፋና ተመልሶ ይተኛል። ለእያንዳንዱ እርምጃ 14 ቀን ቢፈቀድ፣ እሱም 10 እርምጃ ብቻ ቢቀረው፣ ይህ 140 ቀን ይሆናል። በእንቁጣጣሽ ያለቀለት ጨዋታ እስከ አስተርእዮ ማርያም ይጎተታል ማለት ነው። በደብዳቤ ቼዝ የሚጫወቱ የውጭ አገር ሰዎች ይህን «የሞተ ሰው መከላከያ» ብለው ይቀልዱበታል፤ ባለጋራው እስኪሞት ወይም ሰልችቶት እስኪተው ድረስ መጠበቅ ነውና።

መዘግየት ሁሉ ነውር ነው አላልሁም። እ.ኤ.አ. በ1987 በደብዳቤ የተጀመረው የ10ኛው የቼዝ ኦሊምፒያድ ፍጻሜ ያለቀው በ1995 ነው፤ ሦስተኛ የወጣችው ምሥራቅ ጀርመን ራሷ በ1990 ፈርሳ ነበረችና አገሪቱ ከጠፋች ከአምስት ዓመት በኋላ ሜዳልያ አገኘች። ደብዳቤ በመርከብና በባቡር ሲመላለስ ጊዜ ይወስዳል፤ በዚህ የሚታማ የለም።

እጅ አልሰጥም ማለትም እንዲሁ ነውር አይደለም። ንጉሡ እስኪያዝ ድረስ መታገል የተጫዋቹ መብት ነው፤ የሚያሸንፈውም ሰው ቸኩሎ የባለጋራውን ንጉሥ መሄጃ ቢያሳጣው፣ ንጉሡ ግን ካልተመታ፣ ጨዋታው በእኩል ይለያያል። እንዲህ ያለ ታጋይ ባለጋራውን እንዲያስብ ያስገድደዋል። የሚያዘገየው ግን ባለጋራውን እንዲያስብ ሳይሆን እንዲሰለች ብቻ ነው የሚጠይቀው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ብዙ ወጣቶችም ሁለቱን ስለሚያደባልቁ «መብቴ ነው» እያሉ ይከራከሩኛል።

አሮጌው ሰንጠረዣችን በዚህ ረገድ የተሻለ ነበር እላለሁ። በመጀመሪያው ክፍል፣ ወረራ በሚባለው፣ ተራ መጠበቅ የሚባል ነገር አልነበረም፤ አንደኛው የሌላውን እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፈለጉ ያንቀሳቅሱ ነበር። ከዚያም በኋላ ተመልካቹ ዙሪያውን ከቦ ምክሩን ይጮኽ ስለ ነበር በዚያ ሸንጎ መካከል ዝም ብሎ መተኛት የሚቻል አይመስለኝም። ለነገሩ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጦም የሚሸሽ አልታጣም። እ.ኤ.አ. በ1895 በእንግሊዝ አገር በሄስቲንግስ ከተማ ፎን ባርደሌበን የተባለው ጀርመናዊ ከስታይኒትዝ ጋራ ሲጫወት መሸነፉን ባወቀ ጊዜ አንድ ቃል ሳይናገር ከአዳራሹ ወጣ፤ ሰዓቱም እስኪያልቅ ድረስ አልተመለሰም። ስታይኒትዝ የቀረውን እርምጃ ለተመልካቾቹ አሳያቸው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ ዛሬም ስሙ ሲነሣ ያ መውጣቱ አብሮ ይነሣል።

በእኛም አገር ፍርድ ቤት ደጅ የዋለ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቀጠሮ እንዲለወጥ የሚፈቅደው በቂ ምክንያት ሲኖር ነው። ነገር ግን እንደሚረታ ያወቀ ተከራካሪ ምክንያት አያጣም። አንድ ቀን ይታመማል፣ አንድ ቀን ምስክሩ መንገድ ላይ ይቀራል። በዚህ ልማድ የሚጎዳው ተሟጋቹ ብቻ አይደለም፤ በእውነት የታመመውም ሰው በቀጠሮው ቀን ሲቀር የሚያምነው ያጣል።

እኔንም ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጣኝ ይህ ነው። በሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. በመላ ኢትዮጵያ ኢንተርኔት ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ያህል ቆየ። በዚያን ጊዜ አንድ የያዮ ወጣት ለእርምጃ 3 ቀን በሚሰጥ ጨዋታ ላይ ነበረ፤ ቦታውም ደካማ ነበር። ኔትወርክ ሲመለስ ጨዋታው በጊዜ ማለቅ ተወስኖበት አገኘው። ለባለጋራው፣ በሌላ አገር ለሚኖረው ሰው፣ የሆነውን በትሕትና ጻፈለት። የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ «ተሸናፊ ሁሉ እንዲህ ይላል» የሚል።

ልጁ ይህን ሲነግረኝ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። እኔም ሰውየው ለምን እንዲህ እንዳለ ገባኝ። ባለጋራው ኢሉባቦርን በካርታ እንኳ ላያውቅ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ሦስት አራት ሰው በውሸት ኔትወርክ ጠፋብኝ ብሎት ይሆናል። የሚያዘገይ ሰው የሚሰርቀው የአንድን ሰው ትዕግሥት ብቻ አይደለም፤ በእውነት ለተቸገረው የተቀመጠውን እምነት አስቀድሞ ይበላዋል። ያም ዕዳ የሚከፈለው እንደኛ ባሉ፣ መስመሩ በሚቆራረጥባቸው አገሮች ሰዎች ነው።

ልጁን «አንተስ እንዲህ አድርገህ ታውቃለህ?» አልሁት። ለጊዜው ዝም አለ። ከዚያ ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አንድ ጨዋታ አሳየኝ፤ ግንቡን ካጣ ስድስት ቀን ሆኖት ነበር፣ ገና አንድ ቀን ከግማሽ ይቀረው ነበር። እናቱ በዚያው ሰዓት አቦሉን ቀድተው ሰጡን። ልጁ ንጉሡን አንድ ቤት አራመደና ስልኩን ከረከቦቱ አጠገብ አኖረው። ቶናው ከመቀዳቱ በፊት ባለጋራው መለሰ፤ ከበረካው በፊትም ጨዋታው አለቀ።