«ኩላሊት ነው» የሚለው ፍርድ

ከቢቸና ወይም ከሞጣ ገጠር የመጣ ታካሚ ጎኑን ይዞ «ኩላሊቴን ያመኛል» ቢል አያስገርምም፤ በሕዝባችን አነጋገር የወገብ፣ የጎንና የሽንት ሕመም ሁሉ «ኩላሊት» ይባላልና። የሚያሳዝነው ባለሙያው ይህንኑ ስያሜ ሳይመረምር ሲያጸድቀው ነው። ትችታችንም በታካሚው ላይ ሳይሆን በራሳችን ልማድ ላይ ያነጣጠረ ነው።

ልማዱ የታወቀ ነው። በሽንት ምርመራ ጥቂት ነጭ የደም ሴሎች ከታዩ «ኢንፌክሽን» ይባልና አንቲባዮቲክ ይታዘዛል፤ ለሕመሙም ዳይክሎፌናክ ይጨመራል። ይሁን እንጂ በሥራ ብዛት የተጎዳ ወገብ፣ የኩላሊት ጠጠር፣ የፊኛ ኢንፌክሽንና የፕሮስቴት እብጠት የየራሳቸው ሕክምና ያላቸው ልዩ ልዩ ሕመሞች ናቸው። ሽንት የሚያቃጥለው ሰው ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለትና የጎን ሕመም ከታከለበት ኢንፌክሽኑ ወደ ኩላሊት መውጣቱን ያስጠረጥራል። ሽንቱ እየተቆራረጠ የሚወርድለት አዛውንትም መዘጋቱ በጊዜ ካልተፈታለት ኩላሊቱ ሊጎዳ ይችላል።

ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም ግን አብዛኛውን ጊዜ አያምም። የኩላሊት ጉዳት ምልክት፣ ወይም በደቂቃ ከ60 ሚሊ ሊትር በታች የወረደ የማጣራት አቅም፣ ቢያንስ ለ3 ወር ሲቆይ ሕመሙ አለ ይባላል። ዋና ዋና መንስኤዎቹ የስኳር ሕመምና የደም ግፊት ናቸው። እንግዲህ ስሕተታችን ድርብ ነው፤ ጎኑን የያዘው ሰው «ኩላሊት» ተብሎ፣ ሲደጋገም ኩላሊትን የሚጎዳ ማስታገሻ ተሰጥቶት ይሄዳል፤ መድኃኒቱን ለመቀጠል በጸጥታ የመጣው የስኳር ሕመምተኛ ግን የሽንት ፕሮቲኑም ክሬአቲኒኑም ሳይታይ ይመለሳል።

«ላቦራቶሪ የለንም» የሚለው መከራከሪያ በከፊል እውነት ነው። ነገር ግን የደም ግፊት መለካትና በሽንት ውስጥ ፕሮቲን መኖሩን በምርመራ ወረቀት ማየት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ክሬአቲኒን በሚሠራበት ቦታም ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም፤ ሰውነቱ በከሳ ታካሚ ላይ «ደኅና» የተባለው ውጤት የደከመ ኩላሊት ሊደብቅ ይችላልና በዕድሜና በጾታ መሰላት አለበት። ፕሮቲን በሽንቱ ለሚታይ ታካሚ ግፊቱን መቆጣጠርና እንደ ኢናላፕሪል ያለ መድኃኒት፣ ፖታሲየሙንና ክሬአቲኒኑን እየተከታተሉ መስጠት፣ የሕመሙን ግስጋሴ ያዘገያል።

ካረፈድን የሚጠብቀው የኩላሊት እጥበት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት 3 ቀን፣ በየጊዜውም 4 ሰዓት ያህል። ለገበሬ ይህ ከማሳው ተለይቶ መኖር ማለት ነው። ንቅለ ተከላ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. መጀመሩ ትልቅ ተስፋ ቢሆንም ለጥቂቶች ብቻ የሚደርስ ነው። ስለዚህ የሚያመውን ወገብ ወገብ እንበለው፤ የማያመውን ኩላሊት ደግሞ ሳይጠራን እንፈልገው።